የጤና ግብር የከፈለ ገበሬ፣ የጤና መድህንን ያልተቀበለ መምህር፡ በአገራችን ስለ ሕክምና ገንዘብ የወጡ ሕጎች ታሪክ



ከታች ጋይንት ወይም ከስማዳ ቆላ አንድ ሰው በጠና ቢታመም መንገዱ ረጅም ነው። መኪና እስከሚገኝበት ድረስ ጎረቤት ተረዳድቶ በቃሬዛ ያወጣዋል። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ካልቻለ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያም ከባሰ ደብረ ታቦር፣ ሲብስ ደግሞ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር። በየደረጃው የሚቀያየረው ሐኪሙ ነው እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ማን ይከፍላል?»

ለዚህች አጭር ጥያቄ መንግሥታት በየዘመናቸው በሕግ መልስ ሰጥተዋል። አንዱ ያወጣውን ሌላው ሽሯል፣ የተሻረውም በሌላ ተተክቷል። በፓርላማ የጸደቀ ሆኖ መደርደሪያ ላይ የቀረም አለ። ዛሬ የምናወጋው ይህንን ታሪክ ነው። «የጤና መድህን የገበሬና የሽማግሌ ጉዳይ ነው» ብላችሁ የምታልፉ የከተማ ወጣቶች ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የነገሩ ቁልፍ ያለው እናንተ ጋ ነው።

፩. በመሬት ላይ የተጣለው የጤና ግብር

የአገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ሆስፒታል ማለት በአብዛኛው የአዲስ አበባ፣ የአስመራና የጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነገር ነበር። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት አካል ሆነው ከነዚህ ከተሞች በብዙ ቀን መንገድ ርቀው ነበር።

በ1945 ዓ.ም. በጣና ዳር በደንቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ እያሠለጠነ ወደ ገጠር የሚልክ ተቋም ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ እንደገና ተነሣ። በዚህኛው ጊዜ ወባ አያውቀንም ይሉ የነበሩ የወይና ደጋ አገሮች ሁሉ ተመቱ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ ወደ 150 ሺህ የሚደርስ ሰውም እንደሞተ ይገመታል።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጤና ግብር የሚባል ነገር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 የታወጀ የትምህርት ግብር ቀድሞ ነበር። ሁለቱም የተጣሉት በገጠር መሬት ላይ ነው። ባለ መሬቱ የመሬት ግብሩን ሲከፍል የትምህርቱንና የጤናውን ጨምሮ ይከፍላል። ስለዚህ የበጌምድር ገበሬ «የጤና መዋጮ» የሚባል ነገር ያወቀው በኛ ዘመን አይደለም። አያቱ ከፍለውታል።

ችግሩ አያቱ የከፈሉበትን ነገር አለማየታቸው ነበር። ከቆላ ቀበሌ የወጣው ብር ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ከግምጃ ቤቱ ወደ ቆላው ተመልሶ ክኒን ወይም መርፌ ሆኖ ሲመጣ ግን አይታይም። ከፋዩ ገንዘቡን ከአገልግሎቱ ጋር የሚያያይዝበት መንገድ አልነበረውም። «የጤና» የሚለው ስም በደረሰኙ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ የሙስሊሙን ሁኔታ ማንሣት ተገቢ ነው። በሰሜኑ ደጋ አብዛኛው ሙስሊም ለረጅም ዘመን ከርስት ባለቤትነት የተገለለ ነበር። ኑሮው በንግድ፣ በሽመናና በሌላ የእጅ ሙያ ላይ ተመሥርቶ ነበር። በመሬት ላይ የተጣለው የጤና ግብር ርስት የሌለውን ሰው በቀጥታ አይነካውም፤ መሬት የለውማ። ነገር ግን በግብር ከፋይነት ያልተቆጠረ ሰው «ክሊኒኩ የት ይሠራ? ለማን ይሁን?» በሚለው ላይም ድምፁ አይሰማም። መዋጮ ሸክም ብቻ ሳይሆን የመጠየቅ መብትም መሆኑን የምንረዳው ከዚህ ነው።

፪. ከሰባራ ድልድይ ማዶ የተሰማው እምቢታ

እ.ኤ.አ. በ1967 መንግሥት አንድ ትልቅ ሕግ ሰርዞ ሌላ ተካ። ለዘመናት የነበረው አሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከቀድሞው የተሻለ ይመስል ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት እንዲከፍል ያለመ ነውና።

ከእስቴ በሰባራ ድልድይ ዓባይን ተሻግረን የምናገኘው የጎጃም ገበሬ ግን እንደዚያ አላየውም። ምርት ገማቾች ሲመጡ «ነገ መሬቴን ሊለኩ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ሊነጥቁ ነው» አለ። ገማቾቹንም አላመናቸውም። በ1960 ዓ.ም. ሞጣን፣ ቢቸናንና ሌሎች አውራጃዎችን ያዳረሰ አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። ሆኖም በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የተጠራቀመው የግብር ውዝፍም እንዲሰረዝ ተደረገ።

ይህ አመፅ ስለ ጤና አልነበረም። ነገር ግን ስለ ጤና መዋጮም የሚያስተምረን ነገር አለ። ሕጉ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑ ብቻውን አልበቃም። ሰው የሚመዝነው የአዋጁን አንቀጽ ሳይሆን አዋጁን ይዞ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ነው። ያ ሰው ካልታመነ ሕጉም አይታመንም።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ በባለ ርስት ላይ የተመሠረተው የቀድሞው የግብር ሥርዓትም በዚህ ተተካ። የጤና ግብር የሚለው ስም በዚሁ ከገበሬው ጆሮ ጠፋ።

፫. የድሃ ወረቀትና የካርድ ክፍል

በደርግ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የነበረው አሠራር ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት ነው። አቅም የሌለው ሰው ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ «ድሃ ነው» የሚል ወረቀት አጽፎ በነጻ ይታከማል። ሌላው ይከፍላል፤ ክፍያውም ዝቅተኛ ነበር።

ይህ አሠራር ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አንደኛው፣ ወረቀቱን የሚጽፈው የቀበሌ ሹም ነው፤ የሕክምናውን ወጪ የሚሸከመው ግን ሆስፒታሉ ነው። ጻፊው በጻፈው ልክ የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ ዘመድ ያለው ወረቀት ያገኛል፣ ዘመድ የሌለው ድሃ ደጅ ይጠናል። ሁለተኛው፣ ጤና ጣቢያው ከታካሚ የሰበሰበውን ብር ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገባል እንጂ ለራሱ መድኃኒት አይገዛበትም። የጤና ግብሩ ችግር ስሙን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ነው፦ ገንዘቡ ይሄዳል፣ መደርደሪያው ባዶውን ይቀራል።

በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህንን ለማስተካከል የወጣ ነው። ክልሎች፣ የአማራ ክልልም ጭምር፣ በየራሳቸው አዋጅ ካወጡ በኋላ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሰበሰበውን ገቢ እዚያው ይዞ ለመድኃኒትና ለዕቃ እንዲያውል ተፈቀደ። የሥራ አመራር ቦርድም ተቋቋመላቸው። በነጻ የሚታከመው ድሃ አስቀድሞ ተለይቶ ወጪው በበጀት እንዲሸፈን ተባለ። ይህ ከፍተኛ መሻሻል ነበር። ነገር ግን በድሃ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው፣ ሀብታምም ያልሆነው ብዙኃኑ ሰው አሁንም ሲታመም ከኪሱ ይከፍላል። በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ፣ ተበድሮ የሚታከመው እሱ ነው። መድህን የሚለው ሐሳብ የመጣው ለዚህ ሰው ነው።

፬. ሁለት መድህኖች፣ ሁለት ዕጣ

መንግሥት ሕዝቡን ለሁለት ከፈለው። ደመወዝ ለሚያገኘውና ለጡረተኛው «ማኅበራዊ የጤና መድህን»፣ ለገበሬውና በግሉ ተዳዳሪ ለሆነው «ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን» ተባለ።

የመጀመሪያው በሕግ የታጠረ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የጤና መድህን ኤጀንሲ ተቋቋመ። ከዚያም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዝርዝር ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ያዋጣሉ። ጡረተኛው 1 በመቶ፣ መንግሥትም ለሱ 1 በመቶ ይከፍላሉ። በምላሹ ሠራተኛው፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ይታከማሉ። የውጭ አገር ሕክምና፣ የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ወጪ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የመሳሰሉት አይሸፈኑም።

አዋጅ አለ፣ ደንብ አለ፣ መሥሪያ ቤት አለ። የጎደለው የከፋዩ እሺታ ነበር። በተለይ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች አጉረመረሙ። ክርክራቸው ቀላል ነበር። ደመወዛችን ለወሩ አይበቃም። የሥራ ግብር ይቆረጣል፣ የጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሁን ደግሞ 3 በመቶ። ለመሆኑ ሆስፒታል ሄደን መድኃኒቱን እናገኛለን? ወይስ «ከውጭ ግዙ» ተብለን ሁለተኛ እንከፍላለን? የሚጀመርበት ቀን ተነገረ፣ ተራዘመ፤ እንደገና ተነገረ፣ እንደገና ተራዘመ። አዋጁ ሳይሻር፣ ሥራ ላይም ሳይውል ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ።

የሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን የጀመረው በፌደራል አዋጅ ሳይሆን በመመሪያና በውስጠ ደንብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ናቸው፦ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ። ፎገራ የደቡብ ጎንደር ወረዳ ነው፤ ለእስቴና ለጋይንት ሰው ሩቅ አይደለም። ተሁለደሬ ደግሞ የሐይቅ ከተማ የሚገኝበት፣ አብዛኛው ነዋሪው ሙስሊም የሆነ የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው። ስለዚህ በክልላችን ይህንን ነገር ቀድመው ከሞከሩት መካከል የፎገራ ሩዝ አምራች ገበሬና የተሁለደሬ ሙስሊም ገበሬ ይገኙበታል።

አሠራሩን ባጭሩ እንየው። መጀመሪያ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ «እንግባ ወይስ አንግባ?» ብሎ ይመክራል። ከተስማማ በኋላ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ በፈቃዱ ይመዘገባል። የሚመዘገበው ቤተሰቡ በሙሉ እንጂ አንድ ሰው ተነጥሎ አይደለም። መዋጮው በዓመት አንዴ ይሰበሰባል። የቀበሌው ሕዝብ ራሱ መክፈል የማይችሉትን ይመርጣል፤ ለነሱ ክልሉና ወረዳው ይከፍላሉ። የፌደራል መንግሥትም በአባላቱ መዋጮ ላይ ድጎማ ይጨምራል። የወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር ውል ገብቶ ለታከመው ሰው ሒሳቡን ይከፍላል። አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሪፈር ሲጻፍለት ሆስፒታል ይታከማል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ግማሹን ከኪሱ እንዲከፍል ይደረግ ነበር።

ሙከራው ሲገመገም በ13ቱ ወረዳዎች ካሉት ቤተሰቦች ግማሹን የሚያልፉት፣ 52 በመቶ፣ ተመዝግበው ተገኙ። ያኔ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ሰው በዓመት ወደ ጤና ተቋም የሚሄደው በአማካይ 0.3 ጊዜ ነበር። የመድህን አባላት ግን 0.7 ጊዜ ሄደዋል። ከእጥፍ በላይ ነው። ይህ ማለት ሰው ቀድሞ በሽታ ስላልነበረበት ሳይሆን ብር ስላልነበረው ቤቱ ይቀር ነበር ማለት ነው። ከሙከራው በኋላ መድህኑ ወደ ሌሎች የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ ወደ ከተሞችና ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፋ።

እስቲ ነገሩን አስተውሉት። የተማረው ደመወዝተኛ አዋጅ ወጥቶለት እምቢ አለ። ያልተማረ የምንለው ገበሬ አዋጅ ሳይወጣለት እሺ አለ። መምህሩ ስስታም፣ ገበሬው ቸር ስለሆነ አይደለም። ለመምህሩ ነገሩ የመጣው ከላይ፣ ከደመወዙ ላይ በሚቆረጥ ቁጥር ነው። ለገበሬው የመጣው በቀበሌ ስብሰባ፣ በሚያውቃቸው ሰዎች፣ ካርዱን ይዞ በማግስቱ ሊሞክረው በሚችለው ጤና ጣቢያ ነው። አንደኛው ታዘዘ፣ ሁለተኛው ተጠየቀ።

፭. ሰርዞ መተካት በሌላው ዓለም

ይህ ትግል የኛ ብቻ እንዳይመስለን ጥቂት አገሮችን እንይ።

በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድህን ሕጉን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ነው፤ የኛ 690 አዋጅ በወጣበት ዓመት መሆኑ ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ለሰባት ዓመት «እንሰርዘዋለን፣ እንተካዋለን» ሲሉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሬዚዳንትነቱንም ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። ሆኖም በሐምሌ 2017 በሴኔቱ በተሰጠው ድምፅ 49 ለ51 ተሸነፉ። ከራሳቸው ፓርቲ ሦስት ሴናተሮች፣ ጆን ማኬይን አንዱ ሆነው፣ ተቃወሟቸው። «እንሰርዘው» የሚለው ብዙ ደጋፊ ነበረው፤ «በምን እንተካው?» ሲባል ግን የተስማሙበት መልስ አልነበራቸውም። በዚያ ላይ ሚሊዮኖች በሕጉ መታከም ጀምረው ነበር። ሰው የቀመሰውን ሕክምና መንጠቅ በወረቀት ላይ ያለን ሕግ እንደ መሰረዝ አይቀልም።

ጋና ተሳክቶላታል ከሚባሉት ነች። ቀድሞ ታካሚ ገንዘቡን ካልቆጠረ የማይታከምበት ሥርዓት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ብሔራዊ የጤና መድህን አቋቋመች። በየወረዳው የነበሩ የመረዳጃ መድህኖችን መሠረት አድርጋ ነው የጀመረችው። እ.ኤ.አ. በ2012 ያንን ሕግ ሽራ በሌላ ሕግ ተካች፤ የተበታተኑትን የወረዳ መድህኖች በአንድ ባለሥልጣን ሥር አዋሐደች። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ከታች ተሠራ፣ ከዚያ ሕጉ ተስተካከለ። ገንዘቡም ከአባላት መዋጮ ብቻ ሳይሆን በተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ ከተጨመረ 2.5 በመቶ ይመጣል።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የነበራትን የሆስፒታል መድህን ፈንድ በ2023 በወጣ ሕግ ሻረች። በምትኩ የመጣው ደመወዝተኛውን 2.75 በመቶ ያስከፍላል። ሕጉ ፍርድ ቤት ቀረበ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ያንን ውሳኔ አገደው። በጥቅምት 2024 አዲሱ ሥርዓት ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ታካሚ «አሮጌው ካርዴ አይሠራም፣ አዲሱም አልገባም» እያለ በሆስፒታል በር ላይ ቀረ። በሁለት ሕጎች መካከል ያለው ክፍተት በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ ለኩላሊት ታማሚ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

፮. «ሀላል ነው ወይ?» ለሚሉ

ከወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው፣ አግባብም ያለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በጉዳዩ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔው በተወሰነ ክፍያ የሚሸጠው የንግድ ኢንሹራንስ ገረር ስላለበት ተከልክሏል። በመዋጮና በመረዳዳት ላይ የተመሠረተው የትብብር መድህን ግን ተፈቅዷል።

የማኅበረሰብ አቀፉን መድህን አወቃቀር ስናይ ትርፍ የሚካፈል ባለ አክሲዮን የለውም። ከአባላት የሚሰበሰበው ለታመመው አባል ሕክምና ይውላል፤ ለድሃው መንግሥት ይከፍላል። በቅርጹ ከድርጅት ንግድ ይልቅ ለዕድራችንና ለሐረር አፎሻ ይቀርባል። ዝርዝር ብይኑን ግን ከዑለሞቻችሁ ጠይቁ፤ የዚህ ጽሑፍ ድርሻ የነገሩን አሠራር ማስረዳት ነው።

ከታሪካችንም አንድ ነገር እንጨምር። ኑረዲን እ.ኤ.አ. በ1154 በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላውን ደግሞ በ1284 በካይሮ ቢማሪስታን አሠርተዋል። እነዚህ ሆስፒታሎች ድሃውንና ሀብታሙን ያክሙ የነበረው በወቅፍ ገቢ ነው። የሱቅ ኪራይ፣ የእርሻ ገቢ ለዚያ ሆስፒታል ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። ሱልጣን ቢለወጥ እንኳ የወቅፉ ቃል «ይህ ገቢ ለዚህ ሥራ» ይላል። ከበጌምድሩ የጤና ግብር ጋር አወዳድሩት። በአንደኛው ገንዘቡና መድኃኒቱ በአንድ ሰነድ ተሳስረዋል፤ በሌላው ተለያይተዋል።

፯. ካርድ ኖሮ መድኃኒት ሲጠፋ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን የተነሣበትን እምነት የሚበላው ምንድን ነው?

አንደኛው ጦርነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ንፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት በከተማዋ ሴቶች ተደፍረዋል። ሆስፒታሉና ሌሎች የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የተጎዱት ሴቶች የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና እዚያው ማግኘት እንዳልቻሉ መዝግቧል። የጋይንት ገበሬ በኪሱ የመድህን ካርድ ነበረው፤ ካርዱ የሚሠራበት ክፍል ግን ባዶ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሳይደርስ ሲቀር፣ መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅት ሲያልፍ ያው ነገር ይደገማል።

ሁለተኛው የመድኃኒት እጥረት ነው። አባሉ ይታያል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ «ይኼ እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማንም ካድሬ ቅስቀሳ በላይ ጉልበት አላት። አንድ ሰው በዓመት የከፈለውን በአንድ ቀን ከግል መድኃኒት ቤት እንደገና ሲከፍል፣ በቀጣዩ ዓመት ካርዱን አያድስም። ለጎረቤቱም ይነግረዋል። አያቱ ስለ ጤና ግብሩ የተናገሩት ቃል በልጅ ልጁ አፍ ይመለሳል።

ሦስተኛው እናንተን የሚመለከት ነው። መድህን የሚቆመው ጤነኛው ለታመመው ሲከፍል ነው። ባለ ባጃጁ፣ ባለ ሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ አዲስ ጎጆ የወጡት ባልና ሚስት «እኔ አልታመምኩም፣ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሲቀሩ በመዝገቡ የሚቆዩት ስኳር፣ ደም ግፊትና ኩላሊት ያለባቸው ይሆናሉ። ወጪው መዋጮውን ይበልጣል። መድህኑ ለሆስፒታሉ መክፈል ያቅተዋል፤ ሆስፒታሉም መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል። ያኔ ወይ መዋጮው ይጨመራል፣ ወይ አገልግሎቱ ይቀንሳል። በሁለቱም መንገድ ሌላ ጤነኛ ይወጣል። ቤተሰብ በሙሉ እንዲመዘገብ የተደረገው ይህንን አዙሪት ለመስበር ነበር፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከቀረ ደንቡ ምንም አያደርግም።

፰. ምን እናድርግ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝቡ ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ስለዚህ መድህን የመንግሥትን ግዴታ ወደ ድሃው ኪስ ማሸጋገሪያ መሆን የለበትም። «አዋጣችሁ፣ በቃ» ሊባል አይገባም። ደመወዝተኛው 3 በመቶ ይክፈል ከመባሉ በፊት «መድኃኒቱ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ መብቱ ነው። ነገ አዋጁ ቢሻሻል ወይም በሌላ ቢተካ፣ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚወጣ ማንኛውም አዲስ ሕግ የቀድሞው ዕጣ ይገጥመዋል።

ከኛ በኩል ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ።

በቀበሌያችሁ የመድህን ስብሰባ ሲጠራ ለሽማግሌ ብቻ አትተዉት። ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ተሰበሰበ? ለየትኛው ተቋም ስንት ተከፈለ? ስንት አባል መድኃኒት ከውጭ እንዲገዛ ተደረገ? ገንዘቡስ ተመለሰለት ወይ? ይህ የአባል መብት ነው።

በነጻ የሚታከሙት ሲመረጡ ተገኙ። በየመስጂዳችን ደጅ ያሉ ባልቴቶችና አቅመ ደካሞች ስማቸው መግባቱን አረጋግጡ። የድሃ ወረቀት ዘመድ ላለው ብቻ ይሰጥ የነበረበት ዘመን እንዳይመለስ የሚከለክለው የተገኘ ምስክር ነው።

ጀማዓችሁ ወይም ዕድራችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ሶደቃ ሲያሰባስብ፣ ከድሃ ዝርዝር ወጥቶ መክፈልም ያልቻለ አንድ ቤተሰብ ፈልጋችሁ መዋጮውን ክፈሉለት። ከታመመ በኋላ በየመስጂዱ ለሕክምናው ከምንለምንለት፣ ሳይታመም ካርዱን ብናሳድስለት ለእሱም ክብሩን ይጠብቅለታል፣ ለኛም ይቀላል።

እናንተም ራሳችሁ ተመዝገቡ። ባትታመሙ ብራችሁ አልጠፋም። ከስማዳ ቆላ በቃሬዛ የወጣ አንድ ሰው ደብረ ታቦር ሲደርስ «ማን ይከፍላል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስሙን የማታውቁት እሱ «ተከፍሏል» ብሎ እንዲመልስ ያደረገው የእናንተ ብር ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።